ከሸክላ እስከ ሸክላ፦ የአንዲት ‹‹ልዋጭ›› ፍሬ ታሪክ

አማርኛችን ለሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። ጀበናና ጋን የሚሠራበት አፈር ሸክላ ነው። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ የታተመበት ያ ጥቁር ክብ ነገርም ሸክላ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ሁለቱ ሸክላዎች ስለተገናኙበት ታሪክ ነው። የተገናኙት ሙዚቃ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ነው።

ታሪኩ የሚያጠነጥነው የጤፍ ፍሬ በምታክል፣ ብዙ ጊዜ የማር መልክ ባላት አንዲት ድቡልቡል ፍሬ ላይ ነው። ኬሚስቶች ‹‹የአዮን መለዋወጫ ሬዚን›› ይሏታል። ስሟ ሲጠራ የማትሪክ ጥያቄ ይመስላል። ሥራዋን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልዋጭ ናት። ‹‹ልዋጭ! ልዋጭ!›› እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩትን አስታውሱ። አሮጌ ጫማና ልብስ ትሰጣላችሁ፤ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ትቀበላላችሁ። ፍሬዋም እንደዚያው ናት። ውሃ በላይዋ ሲያልፍ የማይፈለገውን ትቀበልና በምትኩ ሌላ ነገር ትሰጣለች።

የኃይል ማመንጫ ቦይለሮች፣ መድኃኒት ፋብሪካዎች፣ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቾች፣ ለኩላሊት እጥበት ውሃ የሚያዘጋጁ ሆስፒታሎች ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልዋጭ በነፃ አይሰጥም። የዚህችን ፍሬ ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ስትከተሉት ደጋግማችሁ የምታገኙት ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው ሲጠራ በለውጡ ምን ተሰጠ? የሰጠውስ ማን ነው?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሸክላ

የሙያው መጻሕፍት ታሪኩን ሲጀምሩ ወደ ኦሪት ዘጸአት መመለስ ይወዳሉ። ሙሴ በማራ የመረረውን ውሃ እንጨት ጥሎበት ጣፋጭ እንደሆነ የሚተርከውን ምዕራፍ 15 ያነሱና፣ ምናልባት የመጀመሪያው የአዮን ልውውጥ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እኛ ፈገግ ብለን እንለፈው። በሰነድ የተያዘው ታሪክ የሚጀምረው ከፍግ ሽታ ነው።

ጊዜው 1840ዎቹ፣ ቦታው እንግሊዝ። ኤች. ኤስ. ቶምሰን የሚባል የዮርክሻየር ባለመሬት አንድ ነገር አሳሰበው። ከፍግ የሚገኘው አሞኒያ የሰብል ምግብ ነው። አሞኒያ ግን በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ታዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ታጥቦ መሄድ አልነበረበትም? ቶምሰን በቱቦ አፈር ሞላና አሞኒየም ሰልፌት የተሟሟበትን ውሃ ከላይ አፈሰሰበት። ከታች የተንጠባጠበው ሲመረመር አሞኒያው በአብዛኛው የለም። በምትኩ የወጣው ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም ጂፕሰም ነው። አፈሩ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ሰጥቷል።

ቶምሰን ነገሩን የእንግሊዝ የእርሻ ማኅበር አማካሪ ኬሚስት ለነበረው ለጆን ቶማስ ዌይ አጫወተው። ዌይ በ1850 እና በ1852 ባሳተማቸው ጽሑፎች ምስጢሩን ፈታው። ለዋጩ በአፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ነው። ልውውጡ በፍጥነት ይካሄዳል። የገባውና የወጣው ደግሞ ሒሳቡ እኩል ነው፤ ሸክላው አይሰርቅም፣ አይመርቅምም። ዌይ የሳተው አንድ ነገር ነበር። ልውውጡ የማይመለስ መሰለው። በ1858 ጀርመናዊው አይኮርን ዚዮላይት በሚባሉ ማዕድናት ላይ ሞክሮ ልውውጡ ወደ ኋላም እንደሚሄድ አሳየ። የኢንዱስትሪው ዕጣ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የማይመለስ ቢሆን ኖሮ ለዋጩ አንዴ ሠርቶ ይጣል ነበር። የሚመለስ በመሆኑ ግን ታጥቦ እንደገና ይሠራል።

በነገራችን ላይ የአድአ ገበሬ ጤፍ የሚዘራበት ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይህን ንግድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዋልካ ሸክላው ብዙ ስለሆነ፣ ንጥረ ነገር ይዞ የማቆየትና ለሥር የመለወጥ አቅሙ ከፍተኛ ከሆኑ አፈሮች አንዱ ነው። የዓለም ትልቁ የአዮን መለዋወጫ ፋብሪካ ከእግራችን በታች ነው ያለው።

አፈር አልበቃ ሲል

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ቀጣዩን ክፍል ማስረዳት አያስፈልገውም። ሳሙናው አረፋ እምቢ ይላል። ማንቆርቆሪያው ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያለብሳል። ጥፋተኞቹ በውሃው ውስጥ የተሟሙት ካልሲየምና ማግኒዥየም ናቸው። ቤት ውስጥ ነገሩ ከማናደድ አያልፍም። በእንፋሎት በሚሠራ ፋብሪካ ግን ያ ቅርፊት የቦይለሩን ቱቦ ከውስጥ ይሸፍነዋል፤ ቱቦው ሙቀቱን ማስተላለፍ ሲያቅተው ከልክ በላይ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር፣ በ1905 ገደማ፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ጋንስ ከአሉሚኒየምና ከሲሊካ ሰው ሠራሽ ለዋጭ ሠራ። ፐርሙቲት ተባለ፤ መለዋወጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ስም ነው። አሠራሩን በሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ወንበሮቹ ከታክሲው ጋር የተበየዱ ናቸው፤ የሚወርዱትና የሚሳፈሩት ተሳፋሪዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም ወንበር ላይ ሶድየም ተቀምጧል። ውሃው ካልሲየም ይዞ ሲመጣ፣ ካልሲየም ሁለት ወንበር የሚይዝ ተሳፋሪ ነውና፣ እሱ ሲሳፈር ሁለት ሶድየም ይወርዳል። ታክሲው በካልሲየም ሲሞላ ጨው በብዛት የተሟሟበት ውሃ ይለቀቅበታል። ያን ጊዜ የሶድየም ጎርፍ ይመጣል፤ በግፊያው ካልሲየሙ ይወርዳል፤ ታክሲውም አዲስ ጉዞ ይጀምራል።

የፐርሙቲት ችግር አሲድ አለመቻሉ ነበር። ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሌላም አለ። መለወጥ የሚችለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ብቻ ነው። ክሎራይድና ሰልፌት የመሳሰሉት ኔጌቲቮች እንዳሉ ያልፋሉ። በ1930ዎቹ ከሰልን በሰልፈሪክ አሲድ እያከሙ አሲድ የሚችል ለዋጭ መሥራት ተጀመረ። ሐሳቡ የኋላው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው፦ አንድ ጠንካራ የካርቦን አካል ውሰድና፣ በኬሚካል አክመህ ወንበር ግጠምበት።

ሁለተኛው ሸክላ

በ1935 ለንደን አጠገብ ቴዲንግተን በሚገኝ የመንግሥት ኬሚካል ቤተ ሙከራ ባሲል አዳምስና ኤሪክ ሆምስ የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በሙያው ሰዎች ዘንድ እየተወራረሰ የመጣው ወግ እንዲህ ይላል፦ ሰዎቹ የሙዚቃ ሸክላ ፈጭተው ዱቄቱን በጨው ውሃ ሲሞክሩት አዮን ይለውጣል። ወጉን እንደ ወግ ያዙት። ጽሑፋቸው ግን አለ፤ ያሳዩትም ግልጽ ነው። ከፊኖልና ከፎርማልዲሃይድ፣ ማለትም ከባክላይት ዘመዶች፣ ፖዘቲቭ አዮን የሚለውጥ ሬዚን ሠሩ። ከአሚኖችና ከፎርማልዲሃይድ ደግሞ ኔጌቲቭ የሚለውጥ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ውሃውን በመጀመሪያው ሬዚን ስታሳልፉት ብረት ነክ አዮኖቹ ሁሉ ቀርተው በምትካቸው ሃይድሮጂን ይወጣል። በሁለተኛው ስታሳልፉት ክሎራይዱና ሰልፌቱ ቀርተው ሃይድሮክሳይድ ይወጣል። ሃይድሮጂንና ሃይድሮክሳይድ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? ውሃ። ሁለት ልዋጮች ጨው አስገብተው ውሃ አወጡ። ሳይፈላ፣ ሳይተን፣ ማገዶ ሳይነድ የተጣራ ውሃ ከሞላ ጎደል ተገኘ።

ፍሬዋ እንዴት ትሠራለች? እንዴትስ ትፈተናለች?

የዛሬዋን ፍሬ ያመጣት አሜሪካዊው ጋኤታኖ ዳሌሊዮ ነው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሠራ ፈልስፏት በ1944 የፈጠራ መብት ተሰጠው። አሠራሩን እንይ፤ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም።

ስታይሪን የሚባል ዘይት መሳይ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ይማሰላል። ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ እንደ ወጥ ዘይት ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሆናል። ሙቀት ሲጨመርበት ነጠብጣቡ ይጠነክርና ፍሬ ይሆናል። የማማሰያው ፍጥነት የፍሬዋን መጠን ይወስናል። ስታይሪን ብቻውን ቢሆን ረጃጅም ክር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዳይቪናይልቤንዚን የሚባል ቋጠሮ ይጨመርበታል፤ ክሩን ከክሩ ያስተሳስራል። ብዙ ጊዜ 8 በመቶ አካባቢ ነው። ቋጠሮው ካነሰ ፍሬዋ ውሃ ስትጠጣ ታብጥና ትልፈሰፈሳለች። ከበዛ ደግሞ ውስጧ ይጠብና ተሳፋሪ መግቢያ ያጣል።

እስከዚህ ድረስ ፍሬዋ ተራ ፕላስቲክ ናት፤ ምንም አትለውጥም። አሁን ወንበር ይገጠምላታል። በጋለ ጥቅጥቅ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ስትቆይ ‹‹ሰልፎኒክ›› የሚባል ቡድን በፖሊመሩ አካል ላይ ይተከልባታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአሲዱ አውጥተው ወዲያው ውሃ ውስጥ ቢጨምሯት በአንድ ጊዜ ታብጥና ትሰነጠቃለች። ስለዚህ አሲዱን ቀስ በቀስ እያቀጠኑ ከውሃ ጋር ያላምዷታል።

ፈተናው ይመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ስንት ወንበር አላት? የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ከአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ያለፈ እውቀት አይጠይቅም። ሬዚኗን አሲድ ያሳልፉባታል፤ ወንበሩ ሁሉ በሃይድሮጂን ይሞላል። ትርፍ አሲድ እስኪጠፋ በንፁህ ውሃ ያጥቧታል። ከዚያ የጨው ውሃ ይለቁባታል። ሶድየም ሲሳፈር ሃይድሮጂን ይወርዳል፤ ከታች የሚጠራቀመው ውሃ አሲድ ይሆናል። ያንን አሲድ መጠኑ በታወቀ ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጉ፣ አመልካቹ ሐምራዊ እስኪል ድረስ ያክሙታል። የፈሰሰው ሃይድሮክሳይድ ሒሳብ የወንበሩ ቁጥር ነው። ጥሩ የምትባል ሰልፎኒክ ሬዚን በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት 5 ሚሊኢኩቫለንት አካባቢ ትይዛለች። ይህም ከፖሊመሩ ቀለበቶች አብዛኞቹ አንዳንድ ወንበር ተገጥሞላቸዋል ማለት ነው።

ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። እርጥቧን መዝነው፣ አድርቀው እንደገና ይመዝኗታል፤ ብዙውን ጊዜ ከክብደቷ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። በማይክሮስኮፕ የተሰነጠቁትን ይቆጥራሉ። አንዴ አሲድ፣ አንዴ አልካሊ እያፈራረቁ ያሳብጧታል፣ ያኮማትሯታል፤ ከስንት ዙር በኋላ እንደምትሰበር ያያሉ። በመጨረሻም ረጅም ቱቦ ሞልተው እውነተኛ ውሃ ይለቁባትና ካልሲየም ከታች ማምለጥ የሚጀምርበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ካልሲየም ብቅ ሲል፣ ታክሲው ሞልቷል ማለት ነው።

ከቦምብ እስከ ፕሮቲን

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ይሮጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአቶም ቦምብ ሠሪዎቹ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን መለየት ሲቸገሩ ወደ ሬዚን ዞሩ። በ1945 ኦክ ሪጅ ውስጥ ፕሮሜቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በ1955 ደግሞ በርክሌይ ላይ ሜንዴሌቪየም ሲገኝ የተለዩት አቶሞች 17 ብቻ ነበሩ። አሥራ ሰባት አቶም! እነሱንም ከሌላው የለየቻቸው ይህችው ፍሬ ናት። ስታንፎርድ ሙርና ዊልያም ስታይን አሚኖ አሲዶችን በሬዚን ቱቦ እየለዩ የፕሮቲንን አሠራር አጠኑ፤ በ1972 ከክሪስቲያን አንፊንሰን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ፍሬዋ ስታኮርፍስ? መጋቢት 28 ቀን 1979 ንጋት ላይ፣ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው የትሪ ማይል አይላንድ የኒውክለር ማመንጫ ሠራተኞች በውሃ ማጣሪያው ውስጥ የተዘጋ ሬዚን ለመክፈት ይታገሉ ነበር። በዚያ ሙከራ መሀል የተጀመረው ብልሽት፣ የቫልቭ ችግርና የሰው ስህተት ተጨምሮበት፣ በአሜሪካ የንግድ ኒውክለር ማመንጫዎች ታሪክ ትልቁ አደጋ ሆነ።

ሕንፃ ቁጥር 6

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሰጠው ማን ነው?

ሰልፎኒኳ ፍሬ ፖዘቲቩን ትለውጣለች። ኔጌቲቩን የምትለውጠው እህቷ ግን ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል። ያቺኑ የስታይሪን ፍሬ ክሎሮሜቲል ሜቲል ኤተር በሚባል ኬሚካል ያክሟታል፤ ቀጥሎ አሚን ይተክሉባታል። ይህ ኬሚካል ሲመረት ቢስ ክሎሮሜቲል ኤተር የሚባል ዘመዱ በጥቂቱም ቢሆን አብሮት ይኖራል። ዛሬ በሰው ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ያለ ጥርጥር ከታወቁት መርዞች አንዱ ነው።

ፊላደልፊያ ከተማ፣ ብራይድስበርግ ሰፈር፣ ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። ኬሚካሉ የሚሠራው ሕንፃ ቁጥር 6 በሚባለው ውስጥ ነው። በትላልቅ ጋኖች ይቀላቀላል። ክዳኑ በየፈረቃው ይከፈታል። የሚወጣው ጭስ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታይ ነበር። በ1962 የፋብሪካው ኃላፊዎች ከአንድ አካባቢ የሚመጡ የሳንባ ካንሰር ተጠርጣሪዎች ቁጥር እንደበዛ አስተዋሉ። በ1963 የደረት ሐኪም ተቀጥሮ ሠራተኞቹን በየጊዜው ራጅ ማንሳት ተጀመረ። ራጅ በሽታውን ያሳያል እንጂ ጋኑን አይከድንም። በ1971 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢስ ክሎሮሜቲል ኤተርን ያሸተቱ አይጦች ካንሰር እንደያዛቸው አሳተሙ። በ1973 ደግሞ ዶክተር ዊልያም ፊገሮአና ባልደረቦቹ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የሠራተኞቹን ነገር ይፋ አደረጉ። የመዘገቧቸው ሕሙማን 14 ናቸው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ33 እስከ 55 ነው። ሦስቱ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

ከ1962 እስከ 1973 አሥራ አንድ ዓመት ነው። በ1974 የአሜሪካ መንግሥት ኬሚካሉን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አዋለው። ዊላርድ ራንዳልና ስቲቨን ሰለሞን የሚባሉ ሁለት የፊላደልፊያ ጋዜጠኞች ጉዳዩን ተከታትለው በ1977 በመጽሐፍ አወጡት። ጋዜጠኝነት ለተማረ ሰው ይህ ምዕራፍ የግል ትምህርት አለው። የሳይንሱ ጽሑፍ ‹‹14 ሕሙማን›› ይላል። ቤታቸው ሄዶ፣ ሚስቶቻቸውን አናግሮ፣ ስም ሰጥቶ የጻፈው ግን ጋዜጠኛው ነው።

ነገሩን አስቡት እንግዲህ። ሕንፃ 6 ውስጥ ጋን የሚያማስለው ሠራተኛ የሚያግዘው በዓለም ላይ ንፁህ ውሃ የምታወጣ ፍሬ እንድትሠራ ነው። የሆስፒታሉ ውሃ ይጠራል፤ የቦይለሩ ውሃ ይጠራል። በለውጡ የተሰጠው ሳንባ ነበር። ዌይ በ1850 ሒሳቡ እኩል ነው ያለው ስለ አሞኒያና ስለ ካልሲየም ነበር። እዚህ ግን እኩል አልነበረም።

በምን ለወጣችሁት?

ዛሬ ያ ኬሚካል ጨርሶ አልቀረም፤ በተዘጉ መሣሪያዎች ውስጥ፣ በጥንቃቄ ነው የሚሠራበት። ጥያቄውም መልኩን ቀይሮ አለ። ካልሲየም የሞላባትን ፍሬ በጨው ውሃ ስናጥባት ያ ጨዋማ ውሃ የት ይሄዳል? በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላሪታ ሸለቆ ነዋሪዎች ይህን በድምፅ መልሰውታል። በየቤቱ ያሉት ማለስለሻዎች የሚለቁት ክሎራይድ ወንዝ እየገባ ታች ያለውን የአቮካዶና የእንጆሪ እርሻ ስለሚያሰጋ፣ በ2008 በተሰጠ ድምፅ በጨው የሚታጠቡት ማለስለሻዎች ከየቤቱ እንዲነሱ ወሰኑ። ላይኛው ሰፈር ሳሙናው አረፋ እንዲያወጣለት የታችኛው ገበሬ መክፈል የለበትም ማለታቸው ነው።

ይህን የምጽፈው ፍሬዋን ለማስጠላት አይደለም። እሷ ባትኖር ብዙ ነገር ባልኖረ። የኩላሊት ሕመምተኛው ውሃ፣ የመርፌው መድኃኒት፣ ይህን የምታነቡበት ስልክ ቺፕ ሁሉ የእሷ ዕዳ አለባቸው። ግን እሷ ራሷ የምታስተምረን ሕግ አለ፦ የሚጠፋ ነገር የለም፤ የሚለወጥ እንጂ። ቆሻሻው ከብርጭቋችን ሲወጣ ከዓለም አልወጣም፤ ቦታ ቀየረ።

ከተሞቻችን ፋብሪካ እየተከሉ ነው፤ የታሸገ ውሃ ማስታወቂያውም በየመንገዱ ነው። ‹‹ንፁህ›› የሚል ቃል ባየን ቁጥር እናቶቻችን ሳፋ ገዝቶ ለመጣ ሰው የሚያቀርቡትን ጥያቄ ብንጠይቅ አይከፋም፦ በምን ለወጣችሁት?